በቅዳሜ ጋዜጣ የተጫነ አበባ

ዶክተር ሀብተሥላሴ የተገኙት ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በብረት ቁም ሣጥኖቹ መካከል በደረታቸው ተደፍተው ነበር። መነጽራቸው ከራሳቸው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ወድቋል፤ አልተሰበረም። ማጅራታቸው ላይ ያለው ደም ደርቆ ጠቁሯል። ዋና ኢንስፔክተር ትርፌ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ሬሳ ሲያጋጥማት መጀመሪያ የምታየው እጅን ነው። የሽማግሌው ጥፍሮች ውስጥ አፈር ነበረ።

ቤቱ ከልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። አጥሩ ላይ «የአረም ጥናት ማዕከል» የሚል፣ ቀለሙ የለቀቀ ታፔላ ተሰቅሏል። የናሙና ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ቁም ሣጥን ነው፤ አንዱ ብቻ ተቆልፏል። ከየአገሩ የተሰበሰቡ የደረቁ አረሞች በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ ስማቸው፣ የበቀሉበት ቦታና የተለቀሙበት ቀን ተጽፎላቸው ተደርድረዋል። ገበሬ እየረገመ የሚነቅለው ሣር ሁሉ እዚህ ቤት ውስጥ ማዕረግ አለው።

ጠረጴዛው ላይ ናሙና ሲለጠፍ እንዳይነሣ የሚጫኑ ስድስት ጠፍጣፋ ብረቶች ነበሩ። አምስቱ አቧራና የደረቀ ሙጫ ለብሰዋል፤ ስድስተኛው ታጥቧል። ከመስኮቱ ሥር በሁለት ሳንቃ መካከል በቀበቶ የተጠፈረ የተክል ማድረቂያ መጫኛ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የጋዜጣ ጠርዝ ይታያል። ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ አምስት የወተት ጣሳዎች። በአራቱ ውስጥ የበቀለው ለምለም አረም ጥፍር የሚያክሉ ሰማያዊ አበቦች አውጥቷል፤ ከእያንዳንዱም አንድ ቅርንጫፍ ተቆርጧል። አምስተኛው ጣሳ የተማሰ አፈር ብቻ ነው። ትርፌ ሰዓቷን አየችና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ።

«በሩ በውጭ ተቆልፎ ነበር» አለቻት ሬሳውን ያገኘችው ልጅ። ኑኃሚን ትባላለች፤ የማዕከሉ ወጣት ተመራማሪ ናት። «እኔ ቁልፍ የለኝም። የከፈቱልኝ ጋሽ ቱሉ ናቸው።»

ጋሽ ቱሉ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የማዕከሉ ዘበኛም ናሙና ለጣፊም ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ትርፌ ስትቀርባቸው አንድም ነገር ሳትጠይቃቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት።

ጠባቸውን ሁሉም ያውቀዋል። ከዐሥር ቀን በፊት ጋሽ ቱሉ ግቢው መሐል ቆመው ዶክተሩ ላይ ጮኸው ነበር። ሊሙ ያለው ወንድማቸው ያፈላው የቡና ችግኝ፣ አዲስ አደገኛ አረም ተገኘበት ተብሎ ተቃጥሏል። በትእዛዙ ሥር ያለው ፊርማ የማዕከሉ ኃላፊ የዶክተር ሀብተሥላሴ ነው። «የፈረሙት እኮ ወረቀት አይደለም፣ እሳት ነው!» ያሏቸውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

የሬሳ ሐኪሙ ሟቹ ቅዳሜ መሞታቸውን አረጋገጠ እንጂ ሰዓቱን መለየት አልቻለም። ሰዓቱን የለየው የማዕከሉ ምክትል ኃላፊ የዶክተር በዕውቀቱ ቃል ነው። ምክትሉ ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ሲወጣ ዶክተር ሀብተሥላሴ ደህና ነበሩ አለ። ጋሽ ቱሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ለቅሶ ቤት ውለው የተመለሱት ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ቁልፉም በእጃቸው ነው። ጋሽ ቱሉ ታሰሩ፤ ፍርድ ቤቱም ለምርመራ የዐሥራ አራት ቀን ቀጠሮ ፈቀደ።

ዐሥራ ሁለቱ ቀን አለፈ።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ትርፌ ጣቢያ ስትደርስ የጋሽ ቱሉ ልጅ ቢፍቱ በር ላይ ቆማ ነበር። በእጇ በፌስታል የተቋጠረ ሳህን ይዛለች።

«መለሰብኝ» አለች። «ሦስት ቀኑ ነው ምግቡን ሲመልስብኝ። ኢንስፔክተር፣ ነገ ችሎት ላይ ገደልኩ ሊል ነው። ‹አምኜ ልረፍ› አለኝ። አባቴ ዶሮ እንኳን አርዶ አያውቅም፤ ለበዓል ጎረቤት ነው የሚያርድልን። እባክዎ!»

«ግቢና ቁጭ በይ።»

«ቁጭ ብዬ ምን ልሁን? ነገ እኮ ነው!»

ትርፌ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። ሰው ችሎት ፊት ቆሞ አንዴ ካመነ ቃሉን መልሶ ማንሣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሥራዋ ያየችው ነው። ሰውየውን የያዘችው ደግሞ እሷ ናት።

ጋሽ ቱሉን ከማረፊያ ክፍሉ አስጠራቻቸው። ጉንጫቸው ጎድጉዷል።

«ጋሽ ቱሉ፣ ነገ ሊያምኑ ነው አሉኝ።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ለእኔም ይንገሩኝ። በምን መቷቸው?»

«በብረት።»

«እርስዎ የት ቆመው ነበር?»

«ፊት ለፊቱ።»

«ፊት ለፊታቸው ቆመው ማጅራታቸውን መቷቸው?»

ሽማግሌው ወደ በሩ አዩ።

«ከዚያስ ብረቱን ምን አደረጉት?»

«ጣልኩት መሰለኝ።»

«ብረቱ ታጥቦ ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ ጋሽ ቱሉ።»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ! ገደልኩ እያልኩሽ ምን ትፈልጊያለሽ? ልጄ እንደሆነች እዚያ ድርሽ አላለችም።»

ትርፌ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስለ ልጃቸው አንድ ቃል አልጠየቀችም ነበር።

ወደ ቢፍቱ ስትመለስ በሩን ዘጋችው። «ቅዳሜ እዚያ ነበርሽ።»

ልጅቷ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘችው። «ሰባት ሰዓት ካለፈ ትንሽ ቆይቶ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። የውጭው በር ገርበብ ብሏል፤ አባዬ የለም። የናሙና ክፍሉም ክፍት ነበር። ስገባ ዶክተሩ ወድቀዋል። እጃቸውን ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሮጥኩ። በር ላይ ከአባዬ ጋር ተላተምን፤ ቃል ሳልናገር አልፌው ሄድኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«እሱ ነው ያስማለኝ። የዚያን ዕለት ማታ ቤት መጥቶ ‹እዚያ አልነበርሽም፣ ምንም አላየሽም› አለኝ። ሌላ አላለኝም።»

ትርፌ ነገሩ ገባት። አባት ልጁን ስትሮጥ አየ፤ ገብቶ ሬሳውን አየ፤ በሩን ቆልፎ አፉንም አብሮ ቆለፈ። ገብቷት ግን ምን ያደርግላታል? የልጅቷን ቃል ብትጽፈው ነገ ከአባቷ ጎን የምትቆመው እሷ ናት። ሬሳው በሰባት ሰዓት ቀዝቅዞ ነበር የሚለው የተጠርጣሪ ልጅ ቃል፣ ከዶክተሩ ምክትል ቃል እኩል የሚመዝን አይሆንም። ሌላ ምስክር ያስፈልጋታል፤ ያውም እስከ ነገ።

ዶክተር በዕውቀቱ ቢሮው ውስጥ ተቀበላት። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አለባበሱ የተስተካከለ፣ ቃሉ የተመጠነ ሰው ነው። ከጀርባው በመስታወት የተገጠመ የሰማያዊ አበባ ፎቶ ተሰቅሏል።

«ይሄ ነው አዲሱ አረም?»

«እሱ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ‹ኮሜሊና ወርቃፈራሁኤ› ይባላል። የለየሁትም የሰየምኩትም እኔ ነኝ፤ ስሙ የእናቴ ነው። ወርቅአፈራሁ ትባል ነበር።»

«ያምራል። የት አገኙት?»

«ናሙናው ከሊሙ ተቆርጦ ተላከልኝ። ፎቶውንም አብረው ላኩት። ዘመኑ የቤተ ሙከራ ነው፣ ኢንስፔክተር። ጭቃ መርገጥ የሀብተሥላሴ ፋንታ ነበር።»

«እስቲ ቅዳሜን እንደገና ይንገሩኝ።»

«ስንት ጊዜ ልናገር?»

«የመጨረሻው ነው።»

ዶክተር በዕውቀቱ ተነፈሰ። «ስድስት ሰዓት ላይ መጣሁ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ስወጣ ሀብተሥላሴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ጣሳዎቹን ያይ ነበር። አበባው እንደ ፎቶው ነው፤ ሰማያዊው ሞልቶ አንዱም አልተቆረጠም። ‹አንተ ስትሄድ ቆርጬ እጭነዋለሁ› አለኝ። እንግዲህ ተክሉ መጫኛው ውስጥ ተገኝቷል። ስለዚህ እኔ ከወጣሁ በኋላ በሕይወት ነበረ ማለት ነው። ይሄ እኮ ግልጽ ነው።»

«ግልጽ ነው።»

«ይልቅ የናሙና ክፍሉን ማሸጊያ መቼ ነው የምታነሡት? ናሙናዎቹ በብል ይበላሻሉ።»

«ሲጠይቁኝ አራተኛ ጊዜዎ ነው።»

«ሥራዬ ስለሆነ ነዋ» አለና ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ።

ትርፌ ኑኃሚንን ይዛ የታሸገውን ክፍል ከፈተች። «ይህን መጫኛ ፍቺልኝ» አለቻት። ልጅቷ ቀበቶውን ስትፈታ እጇ የተጠነቀቀ ነበር፤ እንደ ቁስል ፋሻ ነው የፈታችው። በአራት የጋዜጣ ቅጠል መካከል አራት ቅርንጫፎች ደርቀው ተኝተዋል። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ሁለት ሰማያዊ የአበባ ቅጠሎች እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተዘርግተዋል።

«ጋዜጣው የቅዳሜው ነው» አለች ትርፌ።

«ዶክተር ሁልጊዜ እንደዚህ ነበሩ። የዕለቱን ጋዜጣ ጠዋት ያነቡና ሲጨርሱ ተክል ይጫኑበታል። ‹ቀኑን ብረሳ ከጋዜጣው አነበዋለሁ› ይሉ ነበር።» ኑኃሚን ገጾቹን ማገላበጥ ጀመረችና ቆመች። «አንድ ቅጠል ጎድሏል። ገጽ አምስትና ስድስት የለም።»

«ጣሳዎቹ አምስት ናቸው፣ እዚህ ያለው ግን የአራቱ ቅርንጫፍ ነው። አምስተኛው ከነሥሩ ተነቅሏል።»

«ከነሥሩ?» የኑኃሚን ፊት ተለወጠ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ድሮ የምናውቀው የውኃ አንቁር ከአፈር በታችም ያብባል። ነጭ ነው፤ አይከፈትም፤ እዚያው አፈር ውስጥ ያፈራል። ለዚህ ነው ገበሬው ነቅሎ የማይጨርሰው። አዲሱ አረም ግን የአፈር ውስጥ አበባ የለውም ተብሎ ነው አዲስ ዝርያ የተባለው። ከሊሙ የመጣው ናሙና ግን…»

«ተቆርጦ ነው የመጣው። ሥር አልነበረውም።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «ዶክተር በጋሽ ቱሉ በኩል ከሊሙ ዘር አስመጥተው በጣሳ የዘሩት…»

«ኑኃሚን! ጨረስሽ?» አለ ዶክተር በዕውቀቱ ከኮሪደሩ።

አፏ ወዲያው ተዘጋ። ትርፌ በኋላ ስትጠይቃት የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ እሱ እንደሆነ ነገረቻት።

ከቤቱ ኋላ ሲወጡ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ጣሳዎቹ እዚያው ናቸው፤ ማንም አልነካቸውም፤ አረሙ እንዲያውም ፋፍቷል። አንድም ሰማያዊ ግን የለም። ትርፌ ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረገች።

«አበባው የት ሄደ?»

ኑኃሚን ወደ ዶክተር በዕውቀቱ መስኮት አየት አደረገች። «ነገ ጠዋት ይምጡና ይዩ» አለች፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ።

«ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም?»

«ማንም አልጠየቀኝም።» ዐይኗ እንባ ሞላ። «መጫኛውን ዛሬ ነው ያየሁት። ዶክተር በዕውቀቱ ምን እንዳሉም አላውቅም። እኔን የጠየቁኝ በሩን ማን ከፈተ ብለው ብቻ ነው።»

ከበሩ ትይዩ ያለው ባለ ሱቅ ሙስጠፋ ነው። ትርፌ ውኃ ገዛችና እዚያው ቆማ ጠጣች።

«ቅዳሜ ጋዜጣውን ለዶክተሩ አንተ ነህ የሸጥክላቸው?»

«ሌላ ማን? በአንድ ሰዓት ተኩል ይመጡና ‹ሙስጠፋ፣ ዓለም ዛሬም አለች?› ይሉኛል። ‹ለጊዜው አለች› እላቸዋለሁ። ሁልጊዜ ይቺኑ ነው የምንባባለው።» ፊቱን አዞረ። «ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦ አደርስላቸዋለሁ። ሁልጊዜ በር ድረስ ወጥተው ራሳቸው ነበር የሚቀበሉኝ። የዚያን ቀን ግን ምክትላቸው ነው የወጣው። ሲከፍት ላብ በላብ ሆኗል። ‹ሥራ ላይ ነው፣ አትረብሸው› ብሎ ዳቦውን ተቀበለኝ።»

«ሲገባስ አይተኸዋል?»

«እስከ አምስት ሰዓት ዕቃ ላመጣ መርካቶ ነበርኩ። ከተመለስኩ ወዲህ እሱ ሲገባ አላየሁም፤ ሰባት ሰዓት ላይ መኪና ተሳፍሮ ሲሄድ ግን አይቻለሁ። ሱቄ በሩን ነው የሚያየው፤ ሥራዬም ማየት ነው።»

«እሱ ግን ስድስት ሰዓት ላይ መጣሁ ይላል።»

«እኔ እያለሁ? በዐይነ ስውር ሱቅ በኩል አልፎ ይሆናላ» አለ ሙስጠፋ።

ትርፌ ለአለቃዋ ለኮማንደር ዘነበ ደወለች። ያሰበችውን ስትነግረው ዝም ብሎ አዳመጠና ሳቀ፤ ደስ ብሎት አልነበረም።

«ሰውየው ልመን እያለ አንቺ አበባ ትለቅሚያለሽ?»

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብቻ ይስጡኝ። ከአምስት እስከ ሰባት።»

«ስምንት ሰዓት ችሎት ነው። ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ያልገደለ ሰው ገደልኩ ይላል፤ እኔም በራሴ እጅ አሳልፌ ሰጠሁት ማለት ነው።»

«እመጣለሁ» አለ ኮማንደሩ።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም የናሙና ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኮማንደር ዘነበ በሩ አጠገብ ቆመ። ቢፍቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደቂቃ በደቂቃ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ሙስጠፋ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ኑኃሚን ከቁም ሣጥኖቹ ጥግ፣ ዶክተር በዕውቀቱ ከመስኮቱ ሥር ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አለ፤ ውስጡ አሁን ከጣሳ የተቆረጡ አምስት ቅርንጫፎች፣ በእያንዳንዳቸው ላይ የተከፈተ ሰማያዊ አበባ።

«አበባ ለማየት ነው የጠራችሁን?» አለ ዶክተር በዕውቀቱ።

«አዎ» አለች ትርፌ። «ግን ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው ስለ ጋሽ ቱሉ እናውራ።»

ሳትቸኩል ጀመረች። ጋሽ ቱሉ ገደልኩ ይላሉ፤ ግን የት ቆመው እንደመቱ አያውቁም፤ ብረቱ መታጠቡንም አያውቁም። በሩን የቆለፉት እሳቸው ናቸው፤ የቆለፉት ግን ሬሳውን አይተው ነው፤ ሰው ሊሸሽጉ። ቢፍቱ አንገቷን ደፋች። ቅዳሜ ከሁለት እስከ ሰባት ሰዓት ለቅሶ ቤት እንደነበሩ አርባ ሰው ያውቃል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ቆሟል፤ ዶክተር ሀብተሥላሴ በሰባት ሰዓት በሕይወት ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ነበሩ የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ስትናገር አንዱን ቃል ሁለት ሦስቴ ትጠይቃለች፤ ሙስጠፋን ስለ ዳቦው፣ ኑኃሚንን ስለ ቁልፉ። ኮማንደሩ ሰዓቱን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ስድስት ከሃያ። ስድስት ተኩል።

«ኢንስፔክተር፣ ሊወስዱት ነው» አለች ቢፍቱ ተነሥታ። «አሁን መኪና ላይ ሊጭኑት ነው!»

«ትንሽ ታገሽኝ። ዶክተር በዕውቀቱ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሲወጡ አበባው ምን ይመስል ነበር?»

«ነገርኩሽ እኮ። ሰማያዊ፣ የተከፈተ፣ ጣሳው ላይ።»

«ብርጭቆውን ይዩት።»

ሁሉም ዞረው አዩ። አምስቱም አበቦች ተጠቅልለው አልቀዋል። ሰማያዊው ሟሙቶ፣ ከአረንጓዴው ሽፋን ውስጥ እርጥብ ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል። ሙስጠፋ «ያ ረቢ!» አለ በቀስታ።

«ኑኃሚን፣ አሁን ተጠይቀሻል። ንገሪያቸው።»

ኑኃሚን ከጥጉ አንድ እርምጃ ወጣች። «የውኃ አንቁር ጠዋት ይከፈታል፤ ቀትር ላይ ይሟሟል። አንዴ ከተዘጋ በእጅም ቢሆን መልሶ አይዘረጋም። ከቀትር በኋላ የተጫነ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣው ላይ ሰማያዊ ቅጠል አይገኝም ነበር። ፎቶውን ያነሡትም ጠዋት ነው።»

«መጫኛው ውስጥ ያሉት አበቦች ግን እንደ ቢራቢሮ ተዘርግተዋል» አለች ትርፌ። «ጋዜጣው የቅዳሜ ነው። ስለዚህ ዶክተር ሀብተሥላሴ የቆረጧቸው ቅዳሜ፣ ከቀትር በፊት ነው። እርስዎ ሰባት ሰዓት ላይ ሳይቆረጡ አየኋቸው ያሉት አበቦች ያኔ ጋዜጣ ውስጥ ነበሩ። ጣሳው ላይ የቀሩትም ተጠቅልለዋል። ያላዩትን ነው አየሁ ያሉን።»

«ሰዓት ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሆናል። ግን ሰባት ሰዓት ላይ መውጣትዎ ልክ ነው፤ በሩ ላይ መኪና ሲሳፈሩ ሙስጠፋ አይቶዎታል። የተሳሳተው የሟቹ ሰዓት ብቻ ነው። የሞተን ሰው በሕይወት አለ የሚል ሰው መቼ እንደሞተ የሚያውቅ ነው።»

«ይሄ ማስረጃ አይሆንም!»

«ልክ ነዎት፣ አይሆንም። ኑኃሚን፣ ያ የተቆለፈው ቁም ሣጥን ምንድን ነው?»

«የስም ናሙናዎች ያሉበት ነው። የእያንዳንዱ ዝርያ ስም በአንድ ናሙና ላይ ነው የሚቆመው፤ መጀመሪያ ስም በወጣለት። እነሱ እዚያ ይቀመጣሉ። ቁልፉ ያለው ዶክተር በዕውቀቱ ጋ ብቻ ነው።»

«ቁልፉን» አለች ትርፌ፤ እጇን ዘረጋች።

አልሰጣትም። ኮማንደር ዘነበ ቀረበና ከኪሱ ራሱ አወጣው። ኑኃሚን ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ ኮሜሊና ወርቃፈራሁኤ የሚለውን አቃፊ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከሊሙ በመጣው ናሙና ላይ የተጣጠፈ የጋዜጣ ቅጠል ነበረ፤ ገጽ አምስትና ስድስት። ስትከፍተው አንድ የደረቀ ተክል ከነሥሩ ወጣ። በሥሩ መካከል እንደ ሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ እንቡጦች አሉ።

«ሙስጠፋ በሩን ካንኳኳ በኋላ በእሱ ዐይን ፊት ይዘውት መውጣት አልደፈሩም» አለች ትርፌ። «በኋላ አወጣዋለሁ ብለው ከቁልፍዎ ሥር ጨመሩት። ጋሽ ቱሉ በሩን ቆለፉ፤ ሰኞ እኛ አሸግነው። ማሸጊያው ይነሣ ያሉኝ ለብል አዝነው አይደለም።»

ዶክተር በዕውቀቱ ተክሉን እንጂ ማንንም አላየም።

«በጠዋት ደወለልኝ» አለ። «መጥቼ አየሁት። ከነሥሩ ነቅሎ አሳየኝ። ‹አዲስ አይደለም፣ የድሮው የውኃ አንቁር ነው፤ ሰኞ እጽፋለሁ፤ የሰው ችግኝ በከንቱ አቃጥለናል› አለኝ። ስሙን ብቻ ተውልኝ አልኩት። ለሌላ ተክል ላውለው አልኩት። ‹የወደቀ ስም በዚያው ወገን ውስጥ ዳግም አይሰጥም፤ ሕጉን ታውቃለህ› ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ መጫን ጀመረ።» ወደ ሥሩ ጎንበስ አለ። «እናቴ ስሟ የትም አልተጻፈም። መቃብሯ ላይ እንኳን የለም፤ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ይሄ ብቻ ነበር።»

ኮማንደሩ ካቴናውን ሲያስገባለት ኑኃሚን የተክሉን ሥር በጋዜጣው መልሳ ሸፈነችው።

ትርፌና ቢፍቱ ጣቢያ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ጋሽ ቱሉ በአጃቢ ተይዘው መኪናው አጠገብ ቆመዋል።

«ጋሽ ቱሉ፣ የሚያምኑት የለም» አለች ትርፌ። «ገዳዩ ተይዟል። ዶክተር በዕውቀቱ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ተነግሮታል፤ ዛሬ ይለቀቃሉ።»

ሽማግሌው ደስ አላላቸውም። ዐይናቸው ከትርፌ አልፎ ወደ ቢፍቱ ሄደ።

«እሷንስ… እሷን አትይዟትም?»

«እኔን ለምን?» አለች ቢፍቱ እየሣቀች፤ ሣቋ መሐል ላይ ቆመ። «አባዬ። እኔ ነኝ ብለህ ነው?»

«ስትሮጪ አየሁሽ። እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። በአጎትሽ ነገር ተናደሽ ስለነበር…»

«ሰው ሞቶ አይቼ እኮ ነው!»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ መሆኑን ዐውቃለሁ» አለች። «ከሁለት ሳምንት በላይ ግን ገዳይ ነበርኩልህ።»

አጃቢው ሲያዙ የተወሰደባቸውን ቀበቶና የጫማ ክር በፖስታ አምጥቶ ሰጣቸው። ጋሽ ቱሉ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ክሩን ለማስገባት ሞከሩ፤ ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። ቢፍቱ ቆማ ካየቻቸው በኋላ ተንበረከከች። የቀኙን ክር ቀዳዳ በቀዳዳ አስገብታ አሰረችላቸው። የግራውን አነሣችና እጇ ላይ ይዛው ቆየች። ከዚያ መዳፋቸው ውስጥ አስቀመጠችው።

«ይቺን ራስህ እሰራት» አለች። «በር ላይ እጠብቅሃለሁ።»

ወጣች። ትርፌ ወደ መዝገቡ ዞራ የምትጽፍ መሰለች። ከኋላዋ ሽማግሌው ክሩን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ይሞክራሉ፤ ይስቱታል፤ ደግመው ይሞክራሉ።